ዐቃቤ ሰዓት፦ ሳይቆጥሩ መቆጠብ የለም

ስለ ባትሪ ቁጠባ ሲወራ ሁላችንም ሊቅ ነን። «ብሉቱዝህን አጥፋው!»፣ «የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺው!»፣ «ያንን አፕ ዝጋው!» የሚል ጓደኛ የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ይሁንና ትልቁ ቁጠባ የሚካሄደው ጣታችን በማይደርስበት ቦታ ነው። ስልካችን ኪሳችን ውስጥ ሆኖ፣ እኛ ሳናዘው፣ አንዱን የውስጥ ክፍሉን ሲያስተኛ ሌላውን ሲቀሰቅስ ይውላል። ይህን ባያደርግ ኖሮ ጠዋት ሞልተን የወጣነው ባትሪ ምሳ ሰዓትን የሚያይ አይመስለንም።

ይህ ማስተኛትና መቀስቀስ ታሪክ አለው። የፈለሰፉት፣ የተከራከሩበትና ያረሙት ሰዎች አሉ። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚሄደውን «ክሎክ» እያበራና እያጠፋ ኃይል መቆጠብን እንዴት እንደተማረ። ታሪኩን ግን ከካምብሪጅ ወይም ከካሊፎርኒያ አንጀምርም። ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ነው የምንነሳው። ምክንያታችን የወንዝ ልጅነት አይደለም (ትንሽ ቢኖርበትም!)። ለዚህ ሥራ የሚስማማው የአማርኛ ስም ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልንባቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

የንጉሡ ሰዓት ጠባቂ

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲጓዙ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ውኃ ነው። እዚያው፣ ጥንት ደሴት በነበረችውና በኋላ ከየብስ ጋር በተያያዘችው መሬት ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን የታወቀ የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ገብተው ተምረዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያበረከቱት የብራና ወንጌል ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቅ የሀገራችን ብራናዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው፤ 1280 ወይም 1281።

የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ግን ከገዳሙ ውጪም የሚጠሩበት ማዕረግ ነበራቸው፤ ዐቃቤ ሰዓት። በቀጥታ ሲፈታ «ሰዓት ጠባቂ» ማለት ነው። ትውፊት የማዕረጉን መነሻ ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን (1270–1285) ጋር ያያይዘዋል። ሥልጣኑ ቆይቶ እየገዘፈ ሄዶ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐቃቤ ሰዓቱ ከቤተ መንግሥቱ ኃያላን አንዱ ሆኖ ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ደግሞ ንጉሡ ካሉበት ውስጠኛ ክፍል መግባት ከሚፈቀድላቸው ጥቂት ሰዎች መካከል ነበር።

የዚህ ሰው ኃይል ከምን መጣ? ጦር አልመራም፤ ግብር አልሰበሰበም። የያዘው የንጉሡን ሰዓት ነው። ንጉሥ አንድ ነው፤ ጉዳይ ያለው ሰው ግን አእላፍ ነው። ሁሉም በፈለገበት ሰዓት ይግባ ከተባለ ንጉሡ እንቅልፍ የለውም፤ ማንም አይግባ ከተባለ ደግሞ መንግሥት የለም። ስለዚህ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደገባ፣ ማን ጉዳዩን ጨርሶ እንደወጣ ማወቅ አለበት። ይህን ስም ያዙልን፤ ስልካችን ውስጥም እናገኘዋለን።

ምት ሁሉ ዋጋ አለው

ኮምፒውተር ውስጥ «ክሎክ» የሚባለው ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ዓይነት ሰዓት አይደለም። ከበሮ ነው ብንል ይቀላል። በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ፣ ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ የኤሌክትሪክ ምት ነው። የቺፑ ክፍሎች እርምጃቸውን የሚያስተካክሉት በእሱ ነው፤ ማኅሌት ላይ መዘምራኑ በከበሮው እንደሚያሸበሽቡት።

ዛሬ ቺፕ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራበትን ሲሞስ የተባለ የወረዳ አሠራር ፍራንክ ዋንላስ የተባለ አሜሪካዊ በ1963 ፈለሰፈው። ሲሞስ አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው። ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚበላው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ዋናውን ኃይል የሚበላው ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 ሲገለባበጥ ነው። ወጪው በሦስት ነገር ይወሰናል፤ በሚገለባበጠው ወረዳ ግዝፈት፣ በቮልቴጁ እና በምቱ ፍጥነት። ቮልቴጁን በግማሽ ብትቀንሱት ወጪው ወደ ሩብ ይወርዳል። ምቱን ብታቆሙት ደግሞ የመገለባበጡ ወጪ ዜሮ ይሆናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በቺፑ ውስጥ ሳያርፍ የሚገለባበጠው ራሱ ክሎኩ ነው። ሥራ ኖረም አልኖረም ይመታል። በአንዳንድ ቺፖች ምቱን ወደየክፍሉ ማከፋፈል ብቻውን የጠቅላላውን ወጪ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ማንም ቁልፍ ሳይነካ የቁልፍ ሰሌዳው ክፍል ምቱ ይደርሰዋል። ማንም ፎቶ ሳያነሳ ለካሜራው ይመታለታል። ዘማሪ በሌለበት ከበሮ መምታት ማለት ይኸው ነው!

መፍትሔው በር ማበጀት ሆነ። ምቱ ወደ እያንዳንዱ ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት በር። አንድ ቢት 1 ስትሆን በሩ ይከፈታል፣ 0 ስትሆን ይዘጋል። መሐንዲሶቹ «ክሎክ ጌቲንግ» ይሉታል። በሩን የሚሠራው ቺፕ ነዳፊው ነው። መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው ግን ሶፍትዌር ነው፤ በተለይም እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው «ድራይቨር» የተባለ የፕሮግራም ክፍል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

አምባ እና አምባሰል

በአፕሪል 26 ቀን 1985 እንግሊዝ ካምብሪጅ ውስጥ ኤኮርን ለተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ኩባንያ አዲስ ቺፕ ደረሰለት። የነደፉት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ናቸው። ስሙ ኤአርኤም ነው። ፈርበር በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ቺፑ የሚበላውን ኃይል ሊለኩ ሲሉ መለኪያው ዜሮ አሳየ። ቺፑ ይሠራል፤ መለኪያው ግን ዜሮ! ለካስ ኃይል የሚያደርሰው መስመር ከነጭራሹ አልተገናኘም ኖሮ፣ ቺፑ ይሠራ የነበረው ከሌሎቹ የሲግናል መስመሮች በሚንጠባጠብ ኃይል ነው። ነዳፊዎቹ ስለ ሞባይል ስልክ እያሰቡ አልነበረም። ቺፑ ብዙ ካልሞቀ በርካሽ የፕላስቲክ ቅርፊት መታሸግ ይችላል ብለው ነው። ድህነት ያስተማረው ቁጠባ ማለት ይቻላል።

ኤአርኤም በ1990 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። በ1996 ደግሞ በአንድ ቺፕ ውስጥ ያሉ ክፍሎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን መንገድ የሚወስን ደንብ አወጣ። የደንቡ ስም? አምባ! (የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት ምኅጻር ነው እንጂ ከአምባሰልም ከአምባላጌም ጋር ዝምድና የለውም። ቢሆንም ፈገግ ብለናል።) መንገዱን «ባስ» ይሉታል። ነገሩም ከአንበሳ አውቶቡስ ብዙ አይርቅም፤ ብዙ ተሳፋሪ በአንድ መስመር።

የአምባ ብልሃት መንገዱን ለሁለት መክፈሉ ነበር። አንዱ ፈጣን ነው፤ ዋናው ፕሮሰሰርና ማስታወሻው የሚገናኙበት። ሌላው ዝግተኛና ቀላል ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳ፣ የሰዓት ቆጣሪ፣ የሲሪያል ወደብና የመሳሰሉት ተጓዳኝ መሣሪያዎች የሚሰለፉበት። ይህ ሁለተኛው «የተጓዳኝ መሣሪያዎች ባስ» ሲነደፍ ዓላማው ገና ከጅምሩ ትንሽ ኃይል መብላት ነበር። ጣት በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ለሚነካው የቁልፍ ሰሌዳ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት መስጠት ምን ይረባል?

ዛሬ በየላቦራቶሪው ተማሪዎች የሚለማመዱባቸው እንደ ኤስቲኤም32 (በ2007 ገበያ የወጣ) ያሉ ቺፖች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ቺፑ ሲነሳ የአብዛኛው ተጓዳኝ መሣሪያ በር ዝግ ነው። ድራይቨሩ የፈለገውን መሣሪያ በር በአንድ ቢት ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ያናግረዋል። በሩን ሳይከፍት ቢያናግረው ጽሑፉ አየር ላይ ይቀራል። በዚህ ሙያ ጀማሪ የሆነ ሰው «ኮዴ ትክክል ነው፣ ቺፑ ግን ሞቷል» ብሎ ሲማረር በልምድ የበሰለው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ክሎኩን ከፍተህለታል?» የሚል ነው።

ሳምንት የምትቆየዋ ኖኪያ

ሞባይል ስልክ ሀገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። የዚያ ትውልድ ስልኮች ለብዙዎቻችን የታላላቆቻችን ስልኮች ናቸው። ከሁሉም የምትታወሰው ግን በ2003 የወጣችው፣ አናቷ ላይ የእጅ ባትሪ ያላት ኖኪያ 1100 ነች። በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጣለች። ባትሪዋ 850 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ነበር፤ ካልተነካች ግን እስከ 400 ሰዓት ትቆያለች ይል ነበር አምራቿ። ዛሬ በእጃችን ያለው ስማርት ስልክ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ ማለትም ስድስት እጥፍ ያህል ይዞ ማታ ላይ ቻርጀር ይለምናል።

ምስጢሩ ስክሪኗ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ዓይነቷ ስልክ ሁለት ክሎክ አላት። አንዱ በሰከንድ 13 ሚሊዮን ጊዜ ወይም የዚህን እጥፍ የሚመታው ዋናው ነው። ሌላው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚመታው የእጅ ሰዓቶች ክሪስታል ነው፤ ከዋናው ጋር ሲነጻጸር 400 ጊዜ ያህል የዘገየ። ስልኳ ሥራ ስትፈታ ዋናው ይቆማል፤ ትንሿ ብቻ ነቅታ ታድራለች። የጂኤስኤም ደንብ ደግሞ ለዚህ እንዲመች ተደርጎ ነው የተቀረጸው። ኔትወርኩ «ጥሪ አለሽ» የሚልበትን ሰዓት አስቀድሞ ይነግራታል። ስለዚህ እንደ ኔትወርኩ አወቃቀር በየግማሽ ሰከንዱ ወይም ቢበዛ በየሁለት ሰከንዱ ገደማ ብድግ ትልና ለቅጽበት አዳምጣ ተመልሳ ትተኛለች። ዝም ብላ ያለች ሲመስለን ቀኑን ሙሉ ስትተኛና ስትነቃ ነበር።

ይህ ነገር በከተማ ላለነው የምቾት ጉዳይ ሊመስለን ይችላል። መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ላለ ሰው ግን ሌላ ነው። ስልኩን ይዞ በገበያ ቀን ሐይቅ ወይም ውጫሌ ወርዶ፣ ከፍሎ ቻርጅ አስደርጎ የሚመለስ ሰው፣ ስልኩ ሳምንት ቢቆይለት ከገበያ እስከ ገበያ ያደርሰዋል። አንድ ቀን ብቻ ቢቆይለት ግን ስድስቱን ቀን ስልክ የለውም ማለት ነው።

ማን ይዘዝ?

የኖኪያ 1100 ጥቅሟ ነገሯ ሁሉ በአንድ እጅ መሠራቱ ነው። ሶፍትዌሩን የጻፈው አካል መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ችግር የመጣው ስልክ ኮምፒውተር ሲሆን ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የውስጥ ክፍሎች፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ኩባንያዎች። አሁን በሩን ማን ይያዝ?

ኮምፒውተሮች ከዚያ ቀደም በዚሁ ጥያቄ ተፈትነዋል። በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ባወጡት ኤፒኤም የተባለ ደንብ ብዙውን ውሳኔ የሚሰጠው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነበር። ባዮስ ግን ፕሮግራሞቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ አያውቅም። «ለተወሰነ ደቂቃ የተነካ ነገር የለም» ብሎ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሳያማክር ማሽኑን ሊያስተኛው ይችል ነበር። በ1996 መጨረሻ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ተተኪ ደንብ ሲያወጡ ትልቁ ለውጥ ሥልጣኑን ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ማዞሩ ነው። ማን ሥራ ላይ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነዋ!

በስልክና በትንንሽ መሣሪያዎች ዓለም ይህን ጥያቄ በአደባባይ የመለሰው ሊነክስ ነው። ውይይቱ ክፍት ስለሆነ ታሪኩን መከታተል ይቻላል። በ2004 የኤአርኤም ሊነክስ ኃላፊ የነበረው ራስል ኪንግ ድራይቨሮች ክሎክ የሚጠይቁበትን አንድ ወጥ ደንብ ጻፈ። ድራይቨሩ በሩን ራሱ አይነካም። ሥራ ሲጀምር «ክፈትልኝ» ይላል፣ ሲጨርስ «ዝጋ» ይላል። መሐል ላይ ቆጣሪ አለ። የመጀመሪያው «ክፈት» ሲመጣ በሩ ይከፈትና ቁጥሩ 1 ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲመጣ 2። «ዝጋ» ሲባል ቁጥሩ ይቀንሳል። በሩ የሚዘጋው ዜሮ ሲደርስ ብቻ ነው።

ያዙልን ያልናችሁን ስም አሁን አምጡት። ይህ ቆጣሪ ዐቃቤ ሰዓት ነው!

ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ደንብ እያንዳንዱ ቺፕ አምራች በራሱ መንገድ ፈጸመው። አንዱ ዐቃቤ ሰዓት ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። የኮዱ ድግግሞሽ ከመብዛቱ የተነሳ በ2011 የሊነክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ የኤአርኤም ሰፈር መዝረክረክ በቃኝ ብሎ በአደባባይ ተቆጣ። ከዚያ ጄረሚ ከር የጀመረውን ሥራ ማይክ ተርኬት ከዳር አድርሶት፣ በሜይ 2012 በሊነክስ 3.4 ለሁሉም ቺፕ የሚያገለግል አንድ የጋራ የክሎክ አሠራር ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዲሴምበር 2009 የፖላንዱ ራፋኤል ዊሶትስኪ እያንዳንዱ መሣሪያ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ለብቻው የሚተኛበትን መንገድ ወደ ሊነክስ አስገብቶ ነበር። ሁለቱ ሲጋጠሙ ዛሬ የምናውቀው ቁጠባ ተፈጠረ።

የውጫሌ ውል፣ አንቀጽ 17

አምባሰል ስንል ውጫሌን መርሳት አይቻልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ የተፈረመው ውል በምን እንደፈረሰ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትገናኝ በጣሊያን በኩል «ይቻላታል» ይላል፤ በጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎታል። አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ንባብ፤ መጨረሻው ዐድዋ።

በድራይቨርና በክሎክ ተቆጣጣሪው መካከል ያለውም ውል ነው፤ አንቀጽ 17ም አለው። «ዝጋ» የሚለው ጥሪ በስሙ ሲነበብ «ምቱን አቁም» ማለት ይመስላል። እውነተኛ ትርጉሙ ግን «እኔ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ተጠቃሚ ከሌለ ዝጋው» ነው። ይህን ለይቶ ያልተረዳ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁለት ዓይነት ጥፋት ያደርሳል።

አንደኛው ጥሪውን መርሳት ነው። ሥራ ጨርሶ «ዝጋ» ሳይል ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በስሕተት መውጫ በኩል ይከሰታል፤ ነገሩ በሰላም ሲያልቅ ይዘጋል፣ መሐል ላይ ሲበላሽ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቁጥሩ ዜሮ አይደርስም፤ በሩም አይዘጋም። ክሎኮች ደግሞ እንደ ዛፍ ናቸው፤ ቅርንጫፉ ክፍት ከሆነ ግንዱም መዘጋት አይችልም። አንድ የተረሳ ጥሪ ከሥር ያለውን ሁሉ ነቅቶ እንዲያድር ያስገድዳል። ይህ ሌባ ድምፅ የለውም። ስልኩ በደንብ ይሠራል፤ ባትሪው ብቻ ይቀልጣል።

ሁለተኛው ጥፋት ሁለት ጊዜ መዝጋት ነው። ሌላው የከፈተውን ይዘጋበታል። የዘመኑ ሊነክስ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ በኋላ «ዝጋ» የሚል ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። በሩ በተዘጋበት መሣሪያ ላይ ሌላ ድራይቨር ሥራ ለመሥራት ሲሞክር ግን በአንዳንድ ቺፖች መሣሪያው ብቻ አይደለም የሚያቆመው፤ ማሽኑ በሙሉ ደርቆ ይቀራል።

አንድ የሚያስተምር እውነታ እንጨምር። ሊነክስ ተነስቶ ሲያበቃ «ማንም ያልጠየቃቸው ክሎኮች ካሉ ይዘጉ» ብሎ ያጸዳል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሊነክስ ከመነሳቱ በፊት የነበረው ማስነሻ ፕሮግራም ስክሪኑን አብርቶት ከሆነና የስክሪኑ ድራይቨር ገና ካልመጣ፣ የስክሪኑ ክሎክ በመዝገብ ላይ ጠያቂ የለውም። ስለዚህ ይዘጋል፤ ሰውየው እያየው ስክሪኑ ይጨልማል። በመዝገብ የሌለ ተጠቃሚ ተጠቃሚ አይደለም ማለት ነው። ይህችን ነጥብ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ግሸን፦ የተኙት እና የሚቀሰቀሱት

የአምባሰል ሌላው ስም ግሸን ነው። ዛሬ ሕዝቡ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጣበት ተራራ ከንጉሣውያን ዘር የተወለዱ ወንዶች በጥበቃ የሚኖሩበት አምባ ነበር። በሕይወት አሉ፤ ሥራ ግን የላቸውም። ንጉሥ ሲሞት መልእክተኛ ይወጣና አንዱ ይወርዳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434፣ ዐፄ ናዖድ በ1494 ዙፋን ላይ የወጡት ከዚያው አምባ ወርደው ነው። በ1540 ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን እስኪይዘው ድረስ ሥርዓቱ ቆይቷል። በሰው ልጅ ላይ ሲፈጸም ግፍ ነው፤ አናሞግሰውም። ትራንዚስተር ግን ቤተሰብ የለውም።

ክሎክ የተዘጋበት መሣሪያ እንደዚያ ነው። ኃይሉ አልተቋረጠም፤ የያዘውን መረጃ አልረሳም፤ ምቱ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚህ የጠለቀ እንቅልፍ አለ፤ ኃይሉን ራሱ መቁረጥ። ያ የበለጠ ይቆጥባል፤ ቺፖች እየረቀቁ ሲሄዱ ትራንዚስተር ዝም ብሎም የሚያፈሰው ኃይል ስለጨመረ አስፈላጊ ሆኗል። ነገር ግን መሣሪያው የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሲነቃ ድራይቨሩ ከሀ ጀምሮ ሊያስታውሰው ይገባል።

መቀስቀስም ነጻ አይደለም። አንዳንድ የምት ምንጮች ሲነሱ እስኪረጋጉ ጊዜ ይወስዳሉ። አጭር እረፍት ላለው መሣሪያ መተኛትና መንቃቱ ነቅቶ ከመቆየቱ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ድራይቨሮች ሥራ እንደጨረሱ ወዲያው አይዘጉም፤ ጥቂት ይጠብቃሉ። ሊነክስ ለዩኤስቢ መሣሪያዎች እንደ መነሻ የሚሰጠው የመጠበቂያ ጊዜ 2 ሰከንድ ነው። ከቤት ወጥቶ የረሳውን ሊወስድ የሚመለስ ሰው ላይ በሩን መቆለፍ አይገባም እንደማለት።

አንድሮይድ በ2008 ሲመጣ ከሌላ አቅጣጫ ነበር የተነሳው፤ ስልኩ ሁልጊዜ መተኛት ይፈልጋል፣ አፕ ግን «እንዳትተኛ» ብሎ መያዝ ይችላል። ይህ በሊነክስ ሰዎች ዘንድ ለዓመታት አከራከረ፤ የሚያስማማ መንገድ የተገኘው በ2012 ነው። አፕ ጸሐፊዎች ግን ይዘው መልቀቅን ረሱ። የድራይቨሩ ጥፋት አንድ ፎቅ ወጥቶ ተደገመ! ጉግል በ2015 በአንድሮይድ 6 ላይ «ዶዝ» የተባለውን ያመጣው ለዚህ ነው፤ ስልኩ ሳይነካና ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ የአፖቹ ጥያቄ ሁሉ ተጠራቅሞ በየተወሰነ ሰዓት ይስተናገዳል። ዐቃቤ ሰዓቱ ባለጉዳዮችን በቀጠሮ ማስገባት ጀመረ ማለት ነው።

ፈረቃ

እዚህ ድረስ የመጣነው ስልክ ለማሞገስ አይደለም። ሀገራችንም ባትሪ ነች፤ እኛም በመስመሯ ላይ የተሰለፍን መሣሪያዎች ነን። በ2001 ዓ.ም. የኃይል እጥረት ሲመጣ መብራት በፈረቃ ሆነ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ ሲቀንስም ፈረቃ ታወጀ። ሰፈር በሰፈር፣ ሰዓት በሰዓት። ፈረቃ ክሎክ ጌቲንግ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ፈረቃ የሚያውቀው መስመሩን ነው፤ በመስመሩ ላይ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ አያውቅም። በአንድ መስመር ላይ ያለ ክትባት የያዘ ማቀዝቀዣና ማንም የማይቀመጥበት የበራ በረንዳ አብረው ይጠፋሉ፤ አብረው ይበራሉ። ልክ እንደ 1992ቱ ባዮስ ሳይጠይቁ ማስተኛት ነው። በመዝገብ የሌለ ተጠቃሚ ተጠቃሚ አይደለም ያልነው እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል።

የመጨረሻውን የመቋረጥ ዓይነት ደግሞ ሐይቅና አምባሰል አይተውታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ተመልሰው እስከተያዙበት ጊዜ ድረስና በየቦታው ከዚያም በኋላ፣ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ ያጣ ስልክ ደግሞ ቁጠባውን ይረሳል፤ የጠፋበትን አንቴና ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው ልጅ ራሱ ዐቃቤ ሰዓት ይሆናል። ስልኩን ያጠፋል፤ «የልጄ ድምፅ ይመጣ ይሆን?» እያለ በቀን አንዴ ከፍቶ ይዘጋል። ያ ሰው ያለችው አንድ ሳንቲም ኃይል ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የትኛውም መሐንዲስ ሊያስተምረው አይችልም።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ደስ ብሎናል። ነገር ግን የስልኩ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ከ850 ወደ 5000 ያደገው ባትሪ ቀናችንን አላረዘመልንም። ትልቅ ምንጭ መቁጠርን አይተካም። ማን እየተጠቀመ እንደሆነ የማያውቅ ሥርዓት የቱንም ያህል ቢሰጡት ይጨርሰዋል፤ ሲያልቅበት ደግሞ የሚቆርጠው በጭፍን ነው።

ለእናንተ፣ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተርና ኤሌክትሪካል ለምትማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የምንለው ይህ ነው። አፕ መሥራት መልካም ነው፤ ሁሉም አፕ ይሠራል። ወደ ታች ውረዱ። የሊነክስ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ድራይቨር ከፍታችሁ አንብቡ። «ክፈት» ያለው ሁሉ በየመውጫው «ዝጋ» ማለቱን ቁጠሩ። በስሕተት መውጫው በኩል የተረሳ አንድ ጥሪ ብታገኙና ብታርሙ፣ ያ እርማት አንድ ቀን ከገበያ እስከ ገበያ በሚቆይ ስልክ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ደግሞ ዓይናችሁን ወደ ሀገሪቱ መስመሮች አንሱ፤ እዚያም በመዝገብ ያልሰፈሩ ብዙ ተጠቃሚዎች አሉ።

ዐቃቤ ሰዓቱ የተከበረው በር ስለዘጋ አይደለም። ማን ውስጥ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።